አለመርሳት ጸጋ ነውን?

የሰው ልጅ ዘወትር የሚያማርረው ስለ መርሳቱ ነው። ተማሪ ያጠናው ሲጠፋበት፣ ነጋዴ ያበደረውን ሲዘነጋ፣ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ስም ሲስት፣ ሁሉም «ምነው የማስታወስ ኀይል በተሰጠኝ!» ይላል። መርሳትን የሚለምን ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበርሁና፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ስለዚህ ነገር ጥቂት ላጫውትህ።

የተወለድሁት ከደሴ በስተምዕራብ፣ በቦረና አውራጃ ምድር፣ ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ቆመው ሲያዩ ማዶው ጎጃም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ያየውን ሁሉ ኅሊናዬ እንደ ሥዕል ይዞ ያስቀምጠው ነበር። ዳዊት ስደግም ቃሉን የማስታውሰው በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ ነው፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው መስመር፣ በብራናው ጥግ የነጠበው ሰም ሳይቀር ይታየኛል። ጓደኞቼ መቶ ኀምሳውን መዝሙር በብዙ ድካም ሲይዙ፣ እኔ መጽሐፉን አጥፌ በሐሳቤ እገልጠው ነበር። መንደርተኛው ሁሉ «ጸጋ ነው» አለኝ፤ እኔም አምኜ ኮራሁ።

ኩራቴ መጀመሪያ የተሰበረው በቅኔ ቤት ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት እንደሆነ ወዲያው ያዝሁ። ነገር ግን ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና፣ ተማሪው በየቀኑ አዲስ መቍጠር አለበት። በዚህ ላይ እኔ «አንበሳ» የሚለውን ቃል ስሰማ ጎፈሩና ጥፍሩ ወለል ብሎ ስለሚታየኝ፣ ከአንበሳው አልፌ ንጉሡን ማሰብ ያቅተኝ ነበር። አንድ ቀን የኔታ፣ «ልጄ፣ አንጥረኛ ወርቁን የሚያፈስሰው ሰሙ ቀልጦ በለቀቀው ቦታ ነው። አንተ ሰሙን አላቀልጥ ስላልህ ወርቁ መግቢያ አጣ» አሉኝ። ያን ጊዜ ቃሉን እንጂ ምክሩን አልያዝሁትም።

ኋላ ሳነብ፣ ይህ የእኔ ብቻ ችግር አለመሆኑን ተረዳሁ። በሩሲያ አገር ሰሎሞን ሸረሼቭስኪ የሚባል የጋዜጣ ሠራተኛ ነበር። አለቃው የሚሰጠውን ትእዛዝ አንድም ሳይጽፍ ሁሉን ቢደግምለት፣ ተደንቆ ወደ ምሁራን ላከው። የሥነ ልቡና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ሠላሳ ዓመት ያህል ተከታተለውና ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1968 በመጽሐፍ አወጣ። ይህ ሰው ረጅም የቍጥር ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ አይቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይደግመው ነበር። ይሁን እንጂ ግጥም ሲያነብ እያንዳንዱ ቃል የየራሱን ሥዕል እያመጣ ትርጕሙን ይጋርድበታል፤ የሰው ፊትም ዘወትር ስለሚለዋወጥ መለየቱ ያስቸግረዋል። ለመርሳት ሲል የሚያስታውሰውን በወረቀት ጽፎ አቃጠለው፤ ቍጥሩ ግን ከከሰለው ወረቀት ላይ እንደገና ታየው።

እንግዲህ እስካሁን የተናገርሁት ጕዳት በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። የሚያሳዝነው ግን በሌላ ሰው ላይ ያደረስሁት ነው።

ሁለቱ አጎቶቼ በእርሻ ወሰን ተጣሉ። ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመረምሩ፣ «ይህ ልጅ ያየውን አይረሳም» ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ። ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ድንጋዩን አየሁት፤ ከወይራው በታች ነው። ማልሁ፤ ታናሹ አጎቴም ከማሳቸው ሲሶውን አጡ። ሰው ሁሉ ስላመነኝ ሌላ ምስክር የጠየቀ አልነበረም።

ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የድሮውን ነገር ሳገላብጥ፣ ሌላ ሥዕል መጣብኝ። ያው ድንጋይ ነው፤ የቆመው ግን ከወይራው በላይ ነው። በዚህኛው ሥዕል ታናሽ እኅቴ በእናቴ ጀርባ ታዝላለች፤ በመሰከርሁበት ሥዕል ግን በእግሯ ትሄዳለች። በሁለቱ መካከል አንድ ክረምት አለፈ፤ በዚያም ክረምት ጎርፉ ማሳውን አርሶት ነበር። ድንጋዩን ያወረደው ጎርፍ ነው። ያየሁት ሐሰት አልነበረም፤ የመቼ እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ የየዕለት ኑሯቸውን በልዩ ኀይል የሚያስታውሱ ሰዎች እንኳ እንደ ማንኛውም ሰው ያልሆነውን ሆነ ብለው ሊያስታውሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። የእኔ ስሕተት መልኩ ቢለይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ የሥዕል መጕላት የእውነት ማስረጃ አይደለም።

ሽማግሎች ይዤ፣ ድንጋይ ተሸክሜ በታናሹ አጎቴ ደጅ ወደቅሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው አነሡኝ። ወሰኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የዐሥር ዓመቱ አዝመራ ግን አልተመለሰም። ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ፣ «አጎቴ፣ እውነት ረሱልኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልረሳሁም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። «ሰው የረሳውን ነገር ይቅር አይልም። ይቅር የሚለው የሚያስታውሰውን ነው።»

ይህ ቃል አሳፈረኝ። እኔ በልጅነቴ በሰው ፊት የሳቀብኝን አንድ ጓደኛዬን፣ ጥርሱ እንኳ እየታየኝ፣ ለብዙ ዓመት አላነጋግረውም ነበር። ለሚጠይቀኝም ሁሉ «የማልረሳ ሰው ነኝና ምን ላድርግ?» እል ነበር። ተፈጥሮዬን ለቂሜ መደበቂያ አድርጌው ኖርሁ። በማግሥቱ ወደዚያ ጓደኛዬ ሄድሁ። ሥዕሉ ዛሬም አልጠፋም፤ ሲመጣብኝ ግን እንደ ባለ ዕዳ አልጠራውም።

አንዳንዱ፣ «እንግዲያስ ማስታወስ ክፉ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። የሚያስታውስ ባይኖር የተበደለ ሰው ምስክር ያጣል፤ እኔም ያንን የመጀመሪያውን ሥዕል ባልይዘው ኖሮ በደሌን ሳላውቅ በሞትሁ ነበር። ያጠፋሁት በማስታወሴ ሳይሆን፣ ማስታወሴን ዳኛ በማድረጌ ነው።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ብዙ የምትይዝ ብትሆን ሦስት ነገር ጠይቅ። በትምህርት፣ «ይህን ያዝሁት ወይስ ተረዳሁት?» በል። በምስክርነት፣ «ይህን ያየሁት መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ተለወጠ?» በል። በጠብ ጊዜ ደግሞ፣ «የማልረሳው ስለማልችል ነው ወይስ ስለማልፈልግ?» ብለህ ራስህን መርምር። የምትረሳም ብትሆን አትዘን፤ ያልያዝኸውን በወረቀት መጻፍ፣ የማታውቀውንም «አላውቅም» ማለት ትችላለህ። እኔ በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ይህን አንድ ቃል ብል ኖሮ፣ አጎቴ በማሳቸው ዐሥር ዓመት በዘሩ ነበር።