ጨረታውን ራሱ ይሙላው

ዓይነ ስውር ወንድማችን የመንግሥት ጨረታ ሊሞላ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ «ተወው፣ እኔ ልሙላልህ» ማለት በእኛ ዘንድ ደግነት ነው። በዳንፎርዝም ሆነ በሌላው የቶሮንቶ ሰፈር ያለን ኢትዮጵያውያን ይህን የምናደርገው በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ ሰውየውን ከንግዱ ሊያስወጣው ይችላል፤ ስለዚህ እንተወው እላለሁ።

የጨረታ ዋጋ ምስጢር ነው። ሌላ ሰው የሚሞላለት ነጋዴ ዋጋውንና ትርፉን ለሞላለት ሰው ገልጦ ያድራል። በዚያ ላይ የዛሬ ጨረታ ታሽጎ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ፖስታ አይደለም። የቶሮንቶ ከተማ አስተዳደር ጨረታ የሚቀበለው በኢንተርኔት ሲሆን ሰዓቱ ከሞላ አንዲት ደቂቃ አይታገሥም። ረዳት ወዳጁ ያን ቀን ሥራ ላይ ከዋለ የወራት ዝግጅት ከንቱ ይቀራል።

ቴክኖሎጂው ጠላት አይደለም። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የጀመሩት ኤንቪዲኤ የተባለ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ሆኖም ስካን ተደርጎ የተለጠፈ የጨረታ ሰነድ ለእንዲህ ያለው ፕሮግራም ፎቶግራፍ ብቻ ሊሆንበት ይችላል። የግድ መሞላት ያለበት ቦታ በቀይ ቀለም ብቻ ከተለየም የማያየው ሰው በምን ያውቀዋል? በሩን የዘጋው ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ነው።

የቶሮንቶ ነዋሪዋ ዶና ጆዳን ይህን ጉዳይ ፍርድ ቤት አድርሰውታል። ዓይነ ስውር ናቸው። በፌዴራል መንግሥቱ ድረ ገጽ ለሥራ ማመልከትም ሆነ የ2006ን የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ያለሰው እርዳታ መሙላት አልቻሉም። መንግሥት «በስልክ፣ በፖስታ ወይም በአካል ይቻላል» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ2010 ሌላ መንገድ መኖሩ እኩልነት አይደለም ብሎ ፈረደላቸው፤ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የመብት ጥሰቱን አጸናው። እኛ ቤት «እኔ ልሙላልህ» የምንለው መንግሥት ያኔ ካቀረበው መከራከሪያ በምን ይለያል?

ኦንታሪዮ በ2005 ባወጣችው ሕግ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ድረስ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንደምትሆን ቃል ገብታ ነበር። ቀኑ አልፏል፣ ቃሉ ግን አልተፈጸመም። ቢሆንም በሕጉ ሥር የወጣው ደንብ በእጃችን ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ መረጃውን በሚነበብ መልክ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እንግዲህ ጠይቁ። የጥያቄ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ፣ በሰነዱ ላይ ስሙ ለሰፈረው የግዢ ሠራተኛ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የስልክ ቃል ማስረጃ አይሆንም። መስማት የተሳናችሁም ለጨረታው ገለጻ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቶሮንቶ ከተማ በ2016 ያጸደቀው የግዢ ፖሊሲ ደግሞ ቢያንስ 51 በመቶ ድርሻው በአካል ጉዳተኞች የተያዘና የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት በአነስተኛ ግዢዎች እንዲጋበዝ ይላል። የድርጅቱ ባለቤት ከሆናችሁ ምስክር ወረቀቱን አውጡ፤ ጉዳታችሁን የምትደብቁበት ምክንያት የለም።

የማኅበርና የቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች፣ እናንተም ማስታወቂያ በሥዕል ብቻ በቴሌግራም አትበትኑ፤ ከሥሩ ጽሑፉን ጨምሩ። ሕጉ አነስተኛ ድርጅቶችን በድረ ገጽ ጉዳይ አያስገድድም፤ ለወገን መልካም ለማድረግ ግን አስገዳጅ አያሻንም። ድረ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች ማውሱን ነቅላችሁ በቁልፎቹ ብቻ ገጻችሁን ከላይ እስከ ታች ሞክሩት።

ወዳጃችሁ እርዳታ ሲጠይቃችሁም አጠገቡ ተቀመጡ እንጂ ወንበሩን አትውሰዱበት። ገጹ የት ላይ እንዳስቆመው እሱ ይንገራችሁ፤ አቤቱታውን በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል ለመሥሪያ ቤቱ ይላክ፤ መልስ እስኪመጣም አብራችሁት ተከታተሉ።