የጩኸቱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

«የፌስቡክ አርበኛ» የሚለው ዘለፋ በተለይ ባሕር ማዶ ሆነው በሚጽፉ ወገኖቻችን ላይ ይወረወራል። ክሱ አጭር ነው፦ ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ ስልክ መነካካት ትግል አይደለም፤ ትግል ዋጋ ያስከፍላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ሰላም አጣለሁ፤ ግማሹ እውነት ነውና።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታስረው በሽብርተኝነት ተከሰሱ። የመጨረሻዎቹ ከወህኒ የወጡት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። በኢንተርኔት መጻፍ ከቶ ትግል አይሆንም የሚል ሰው ለእነርሱ ምን ይመልሳል?

ከሳሹ ግን እዚህ ላይ አይረታም። «እነርሱ አገር ቤት ነበሩ፤ ዋጋም ከፈሉ። ምንም የማያጣ ሰው ቃል ባዶ ነው» ይላል። ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችን ግድያ ለማውገዝ እጆቹን አጣምሮ የማራቶኑን መጨረሻ ሲያልፍ፣ ለዚያች ቅጽበት ከሁለት ዓመት በላይ በስደት ከፈለ። ያንኑ ምልክት የፌስቡክ ፎቶው ያደረገ የሚኒሶታ ነዋሪ ምንም አላጣም። ድፍረታቸው እኩል አይደለም፤ አቤቱታቸው ግን አንድ ነው። ሰው መገደሉን የሚናገር ቃል፣ ተናጋሪው ስላልታሰረ ሐሰት አይሆንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት መናገር የቻለው በአብዛኛው ከአገር የራቀው ነበር። ከአደጋ መራቁ ቃሉን አያረክስበትም፤ ይልቅስ የመናገር ዕዳ ይጭንበታል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ከወጣ በኋላ ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሷል። ለጣፊዎቹም ራሳቸውን የወገን ተቆርቋሪ አድርገው ቆጥረው ይሆናል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚሉት ይህ ነው። ዋጋው ተከፈለ፤ ተናጋሪው ግን አልከፈለም።

ስለዚህ ተናጋሪው ምን ከፈለ ከማለት ይልቅ ማንን አስከፈለ ብሎ መጠየቅ ይሻላል እላለሁ። ይህም መለኪያ ቢሆን ጎደሎ ነው። የእስረኛን ስም መጥራት ሊያስፈታውም፣ ሊያስደበድበውም ይችላል፤ ከሩቅ ያለ ሰው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም። በሙሉ ልብ የምናገረው ከጀመርኩበት ይጠብባል፦ የሚናገርላቸውን ሰዎች የሚጠይቅ፣ በስሙ የሚጽፍ፣ ሲሳሳትም በአደባባይ የሚያርም ሰው የትም ይኑር የት ታጋይ ነው።

የሰው ስም፣ ፎቶ ወይም ሰፈር ከመለጠፋችሁ በፊት ወደ ራሱ ወይም ወደ ቤተሰቡ ደውሉ። ካላገኛችኋቸው ግፉን ተናገሩ፤ ሰውየውን ግን አታጋልጡት።