ማስቆም የማይቻለው መምህር

ልጄ፣ መምህር ሆነህ ወደ ራያ ቆቦ ልትወርድ ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን አስፋልት ይዘህ ጎብዬንና ሮቢትን ስታልፍ ሙቀቱ ይቀበልሃል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከሥሩ የማሽላው ሜዳ ይታይሃል። ክፍል ስትገባ ደግሞ ብዙ ተማሪ፣ ጥቂት መጽሐፍና መጣ ሲሉት የሚሄድ መብራት ይጠብቅሃል። መምህራኑ ሻይ ላይ ሲቀመጡ «ምን እናድርግ፣ ቴክኖሎጂ የለን» ሲሉ ትሰማለህ። እሮሮው እውነት አለው። ነገር ግን አንተም አብረህ ከማማረርህ በፊት፣ አገራችን ያን ቴክኖሎጂ በብዛት ያገኘችበትን ጊዜ ላስታውስህ። ሞኝ ከራሱ ስህተት፣ ብልህ ከሰው ስህተት ይማራል።

ነገሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖችን አደለ። በየግቢው ዲሽ ተተከለ። መብራት ላልደረሳቸው ጄኔሬተር ተሰጠ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ተቀርጾ፣ በሳተላይት በተመሳሳይ ሰዓት ለአገሩ ሁሉ ይለቀቅ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን፣ ወደ 30 ደቂቃ ገደማ የሚይዘው እሱ ነው። ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው መግቢያና ማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ነበረች።

ይህን ያሰቡ ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ እዚህ ላይ ፍርድህን አታጣምም። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በፍጥነት ይጨምር ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ በወጉ የሚያስተምር ሰው ግን አይገኝም። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። የቆቦ ልጅ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የሚማረውን በዚያው ሰዓት መማሩም ፍትሕ ይመስላል። በጎ ሐሳብ ነበር፤ ብዙ ገንዘብም ወጥቶበታል። ታዲያ ምን ጎደለ?

አንድ ነገር ጎደለ፤ ትምህርቱን ማስቆም አይቻልም። ተማሪ ጥያቄ ኖሮት እጁን ቢያወጣ የፕላዝማው መምህር አያየውም። «ይህን ሥሩ» ብሎ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይጠፋም፤ ያ ክፍል ብቻ በሌለበት መንገዱን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ያመለጠውን የሚደግምለት የለም።

የራያ ገበሬ ይህን ነገር ከመሐንዲስ በላይ ያውቀዋል። ከተራራው የወረደ ጎርፍ በጎሊናና በሆርማት ሲመጣ፣ ቀድሞ ቦዩን የጠረገ ሰው ጠልፎ ማሳው ላይ ያሳርፈዋል። ያልተዘጋጀው ያን ሁሉ ውሃ በደጁ ሲያልፍ እያየ ማሳው ደርቆ ይቀራል። የፕላዝማው ትምህርትም እንዲያው ነበር፤ ብዙ ነው፣ ኃይለኛ ነው፣ የሚያልፈውም አንዴ ነው። ጠልፎ ለተማሪው የሚያደርሰው ቦይ የክፍሉ መምህር ነበር። ለጎርፉ ያን ያህል ሲወጣ ለቦዩ የታሰበው ግን ጥቂት ነው።

ልጄ፣ የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ጋ ስለሆነ ልብ በል። ምርጫው «መምህር ስለሚያንሰን መምህሩን የሚያግዝ ነገር እንፈልግ» የሚል ሊሆን ይችል ነበር። የተመረጠው መምህሩን ወደ ጎን የሚያደርግ ነገር ሆነ። የዚህ ዋጋ በአንድ ቀን አልታየም። ዓመታት ተምሮ የመጣ ሰው ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሲሆን ቀስ በቀስ መዘጋጀቱን ይተዋል። ሌላ ሰው ለሚናገረው እሱ ምን ብሎ ይዘጋጅ? ተማሪው ደግሞ ብዙውን ነገር በእናት ቋንቋው ሲማር ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፣ ባልለመደው የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚፈጥን ድምፅ ይጠብቀዋል። ጎበዙ ይከተላል፤ ደካማው ዝም ብሎ ያያል። ዝም ብሎ ማየት ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት መማር ይመስላል።

ሁለተኛው ዋጋ በጥገና መጣ። ሲበላሽ በአቅራቢያ የሚጠግነው ሰው፣ የሚለወጥ ዕቃም አልነበረም። እያደር በብዙ ትምህርት ቤት ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈ ዝም አለ። አባቶች «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። መያዣውን ሳያዘጋጁ ዕቃውን ማምጣት በገንዘብ ጸጸት መግዛት ነው።

አሁን ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን አስብ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየቀበሌው ስክሪን አልነበረም። የነበረው ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ እያደር 15 በደረሱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ መማሪያና የሚያስተምር ወጣት ነው። የዘመኑ አገዛዝ ብዙ በደል የሠራ ነው፤ ያን አንሸሽግም። ቢሆንም ሚሊዮኖች ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመቻ ነው። በዚያው ዘመን በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ ፔዳጎጂካል ማዕከል ተቋቁሞ፣ መምህራን ከእንጨት፣ ከሸክላ፣ ከካርቶንና ከቆርኪ መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። አንድ ሉል ቢሰበር የሠራው ሰው እዚያው አለ፤ እንደገና ይሠራዋል። ልዩነቱን አየኸው? የዚያ ዘመን ቴክኖሎጂ ደካማ ነበር፤ ባለቤቱ ግን መምህሩ ነበር።

ከፕላዝማው ወዲህም የተማርነውን ያስታወሰን ጊዜ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሄደ። ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የሌለበት ቤት ልጅ ከብት ጥበቃ ሄደ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። ሰው አለቀ፤ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፋ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። አንተ በምትሄድበት አገር መብራትና ኔትወርክ አንዳንዴ የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ ዕቅድህ «ሲኖር እንጠቀማለን፣ ባይኖርም እንማራለን» የሚል ይሁን።

ታዲያ ምን ልሥራ ትለኝ ይሆናል። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልምና ካለህ ጀምር። ስልክ አለህ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ ብዙ መምህርና ተማሪ ሶፍት ኮፒውን በቴሌግራም እየተቀባበለ ነው የተማረው። የሁሉንም ክፍል መጽሐፍ ኔትወርክ ባለበት ወልድያ ሳለህ አውርደህ ሚሞሪ ካርድህ ላይ ይዘህ ውረድ። ኪዊክስ የሚባለው መተግበሪያ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብብሃል። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ የሳይንስና የሒሳብ ማሳያዎችም በነፃ ይወርዳሉ፤ ካወረድካቸው ያለ ኔትወርክ ስልክ ላይ ይሠራሉ። የኤሌክትሪክ ዑደት ሠርተህ፣ አምፖል አብርተህ፣ ሽቦ ቆርጠህ ታሳያለህ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታስቆመዋለህ። «እዚህ ጋ ሽቦው ቢቆረጥ ምን ይሆናል?» ብለህ ትጠይቃለህ፤ ግማሹ «ይበራል»፣ ግማሹ «ይጠፋል» ብሎ እስኪከራከር ትጠብቃለህ። ትምህርት ያለው በዚያ ክርክር ውስጥ ነው።

ስልኩን ግን ለ60 ልጅ ከፊት ይዘህ አትቁም፤ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ የሚያየው የለም። ክፍሉን በቡድን ከፍለህ አንዱ ቡድን ስልኩን ሲያይ ሌላው ከመጽሐፉ ይሥራ፣ ሌላው ከሰሌዳው ይገልብጥ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። የቆቦን ፀሐይም አትርሳ። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ከመስኮት አርቀህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ፕሮጀክተር ብታገኝ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ያጠፋብሃል፤ ለጠዋት ፈረቃ አድርገው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ከስፒከር የሚሰማ ነገር የለም፤ ለዚያ ቀን የጽሑፍ ሥራ አዘጋጅ።

ከደጅህ ያለውንም ቴክኖሎጂ አትናቀው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር ውሃ የሚስቡ የመስኖ ፓምፖች አሉ። ግፊትን፣ ኃይልንና የውሃ ፍሰትን ለማስተማር ከዚያ የሚሻል ላቦራቶሪ የት ታገኛለህ? ፓምፑ ስንት ሊትር በስንት ደቂቃ እንደሚያወጣ ተማሪዎችህ በባልዲና በስልክ ሰዓት ይለኩ። አባቶቻቸው ፓምፑ ሲቆም ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ፤ ልጆቹ ለምን እንደሚቆም ይወቁ።

ደግሞም «ያለ ቴክኖሎጂ ኖረናል» ብለህ ወደ ሌላኛው ጫፍ አትሂድ። ይህም ዋጋ አለው፤ የሚከፍለው ግን ተማሪህ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ የገጠር ልጅ ከከተማ ልጅ ጎን ቁጭ ብሎ ሲፈተን፣ የሚወድቀው ባለማወቁ ላይሆን ይችላል። ትምህርት ቤትህ ያለችው አንዲት ኮምፒውተር ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደብዳቤ ብቻ የምትጽፍ ከሆነ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆች በተራ እንዲነኳት በአክብሮት ጠይቅ፤ እምቢ ቢሉህ ደግመህ ጠይቅ።

አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤትህ አዲስ ዕቃ ይመጣል። ታብሌት ይሆናል፣ ስማርት ሰሌዳ ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። ጭብጨባ ይኖራል፣ ፎቶ ይነሣል። አንተም ደስ ይበልህ። ነገር ግን ርክክቡ ላይ ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ተማሪ ሲጠይቅ ማስቆም እችላለሁ? ሲበላሽ እዚሁ ቆቦ ወይም ወልድያ የሚጠግነው ማን ነው? መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱ በምን ይቀጥላል? መልስ ካገኘህ ተቀበል፤ በደንብም ተጠቀምበት። መልስ ካጣህም ዕቃውን አትመልስ፤ ጥያቄዎቹን ግን በቃለ ጉባኤ አስመዝግብ፣ መልሳቸውም እስኪመጣ ወረዳውን አታሳርፍ። በ1997 ዓ.ም. እነዚህን ጥያቄዎች አጥብቆ የጠየቀ መምህር በየትምህርት ቤቱ ቢኖርና ቢደመጥ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ዛሬም ያስተምር ነበር።