ጥላ ሥር ያደገ ሥር



የዘሪውን ምሳሌ ስንማር ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ እሾሁና ስለ ወፎቹ ነው። በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር የጠፋበትን ምክንያት ግን ጌታችን በፀሐዩ ላይ ብቻ አላኖረውም፤ ሥር ማጣቱንም ጨምሮ ነግሮናል (ማቴ. 13)። ይህን ነገር እኛ የቡና አገር ልጆች በደጃችን እናየዋለን።

እያንዳንዱ ተክል በመረጠው ስፍራ ለመኖር የሚችለው ለዚያ ስፍራ የሚስማማ ሥር ሲኖረው ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለውን የቦዬን ረግረግ እንመልከት። ጭቃው ውኃ ስለ ሞላበት አየር የለውም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚበቅሉት እንደ ቄጤማ ያሉት ተክሎች ከላይ ወደ ሥራቸው አየር የሚያወርዱ ክፍት መተላለፊያዎች በውስጣቸው አሏቸው። በቀዳም ስዑር ካህናት የጥፋት ውኃ መጉደሉን እያሰቡ የሚያድሉን ለምለም ቄጤማ የረግረግ ልጅ ነው። የቡና ችግኝ እዚያ ቢተከል ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በደረቅ ቆላ የሚኖሩ ብዙ የግራር ዓይነቶች ደግሞ ውኃ ፍለጋ ሥራቸውን ወደ ጥልቅ ይሰዳሉ።

ቡናስ? ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 እ.ኤ.አ. የዐረብን ስም ሰጥቶ «አረቢካ» ቢለውም፥ መገኛው የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በጎማ፥ በጌራና በሊሙ እንደምናየው በሰሳ፥ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ያድጋል። ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው፤ ምግብ የሚስቡለት ቀጫጭን ሥሮቹ ግን አብዛኞቹ ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አይርቁም። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን የሚያወፍረው እዚያው ላይ ነውና። ሰሳና ብርብራም በሥራቸው እባጮች በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባሉ። ቡናው ከሌሎች ማዕድ ይበላል ማለት ነው። ጥላው በአንድ ጊዜ ሲመነጠርበት ግን የላይኛው አፈር ይደርቃል፥ ቅጠሉም ይጠወልጋል።

እኛም እንዲሁ በጥላ ያደግን ነን። ጾሙን የጾምነው እናቶቻችን ወጡን በዘይት ስለሠሩት ነው፤ ኪዳን ያደረስነው አባቶቻችን በሌሊት ስለቀሰቀሱን ነው። ይህ አያሳፍርም፤ ቡናም በጥላው አያፍርም። ነገር ግን በየዓመቱ ከአጋሮም ከሊሙ ገነትም ከጅማም ወጣቶች ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ። አብረውን መዝሙር ያጠኑ ነበሩ። ስልክ ስንደውልላቸው አንዳንዶቹ «እዚህ ጊዜ የለም» ይሉናል፤ ከቆረቡ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ስንጠይቅ ዝም ይላሉ። «ከተማው አበላሻቸው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ፀሐዩን ብቻ መውቀስ አንወድም።

ችግኝ ጣቢያ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ ከመደብ ወደ ላስቲክ ሲዛወር ዋና ሥሩ የታጠፈ ችግኝ ላይ ላዩን አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ፍሬ ሲይዝና በጋው ሲከብድ ነው ቢጫ የሚሆነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ ሳይተክል ሥሩን ያያል፥ የታጠፈውን ይጥላል። ሰው ግን አይጣልም።

ዘንድሮ የምትመደቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ እስከ ጉዞው ባሉት ሳምንታት ማንም ሳይቀሰቅሳችሁ ተነሥታችሁ ጸልዩ። የንስሐ አባታችሁን ሳትሰናበቱ አትሂዱ፤ በደረሳችሁበትም በመጀመሪያው ሳምንት ግቢ ጉባኤውን ፈልጉ። የምንቀረው ደግሞ ጉዝጓዝ እንሁናቸው። ጥላ የጎደለበትን ቡና ገበሬው ሥሩ እንዳይደርቅ በሣርና በቅጠል ይሸፍነው የለምን? በነቢያት ጾም መግቢያ እያንዳንዳችን ለሁለት ለሁለት ሰው እንድንደውል የስም ዝርዝሩን በሚቀጥለው እሑድ ከጉባኤ በኋላ እንከፋፈላለን።