ከብርጭቆ ሠሪው ስንገዛ

 

በእጁ ሠርቶ ከሚያድር ባለሙያ የብርጭቆ ቅርጻ ቅርጽ መግዛት ይፈቀዳል ወይ? የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማይጠይቀኝ ነው፤ የምንገዛው እንዴት ነው?

ለመጀመሪያው መልሱ ሩቅ አይደለም። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ሰው ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘንድ መጥቶ መተዳደሪያው የእጁ ሥራ እንደሆነ፣ ምስሎችንም እንደሚሠራ ነገራቸው። ምስል ሠሪ በሠራው ላይ ነፍስ እንዲዘራበት እንደሚጠየቅ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ሲነግሩት ሰውየው ፊቱ ገረጣ። ኢብን ዐባስ ግን እንጀራውን ዘግተው አልሰደዱትም፤ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መከሩት። ስለዚህ ወፉንና ፈረሱን ትተን ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፋኖሱን እንዘዝ። በሱረቱ ሰበእ (34፡13) ለሱለይማን (ዐ.ሰ.) ስለተሠሩት ምስሎች የሚያነሱ አሉ፤ ብዙ ዑለማዎች ያ በእርሳቸው ሸሪዓ የተፈቀደ እንደነበር ያስረዳሉ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ብርጭቆ ሲሠራ ያላየ ሰው ዋጋው ይበዛበታል። በፍልስጤም፣ በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ቅጽል በምትጠራው በአል-ኸሊል ከተማ ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የተሰባበረ ጠርሙስ ሳይቀር ሰብስበው በጋለ ምድጃ ያቀልጡታል፤ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ያልፋል። ባለሙያው የቀለጠውን በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ያነሣዋል፣ እያሽከረከረ ይነፋዋል፣ ሲጠነክርበት መልሶ እሳት ያስገባዋል። ካለቀም በኋላ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። እኛ “ቀንስ” ስንል የተሰነጠቁበትን አንቆጥርለትም።

በዋጋ መከራከር ሐራም አይደለም። ነገር ግን ዋጋ በተለጠፈበት ትልቅ መደብር ትንፍሽ ሳንል ከፍለን እንወጣለን፤ ብቻውን የሚሠራው ሰው ዘንድ ስንደርስ ምላሳችን ይሳላል። የቤት ኪራይ እንደደረሰበት ካወቅንማ ይብስብናል! ጀሪር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ፈረስ በ300 ዲርሃም ቢገዛላቸው፣ ፈረሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ለሻጩ ነግረው፣ ራሳቸው እየጨመሩ 800 እንዳደረሱት ተዘግቧል። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ገብተው ነበርና።

በአገራችን ደግሞ አንድ የቆየ በሽታ አለ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ዝቅ አድርጎ ማየት። ዳውድ (ዐ.ሰ.) የብረት ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። እጁን የናቅነውን ሰው ሥራውን ብናራክስበት ምን ይገርማል?

ትዕዛዝ ስንሰጥም እንጠንቀቅ። የሐነፊ ሊቃውንት ኢስቲስናዕን ስለፈቀዱ ክፍያው እስከ ርክክብ ሊቆይ ይችላል። በሻፊዒ መዝሀብ ግን ነገሩ እንደ ሰለም ውል ስለሚታይ ሙሉ ዋጋው እዚያው በስምምነቱ ቦታ ይከፈላል። በሁለቱም ዘንድ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና ቀለም ተለይቶ መታወቅ አለበት። “እንደ ፎቶው አድርገህ ሥራልኝ” ብሎ መሄድ የጠብ በር ነው። ቀሪውን ገንዘብ “ነገ፣ ከነገ ወዲያ” ማለት ደግሞ ከጠብም ይከፋል። ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ከተቀበለ በኋላ ደመወዙን የከለከለ ሰው፣ አላህ በቂያማ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች አንዱ መሆኑ በቡኻሪ ተዘግቧል።

ሠሪውም ግዴታ አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የረጠበውን እህል ከሥር ደብቆ ይሸጥ የነበረውን ነጋዴ ገሥጸዋል፤ ስንጥቅን በቀለም መሸፈንም ያው ነው። ብርጭቆው ውስጥ የቀረች ትንሽ የአየር ነጠብጣብ ግን የእጅ ሥራ ጠባይ ናትና ስለ እርሷ ዋጋ አናስቀንስ። ያዘዝነው ሳንረከበው ቢሰበር ኪሳራው የሠሪው ነው። ከተረከብን በኋላ መንገድ ላይ ከእጃችን ቢወድቅ ግን የእኛ ነው፤ ደውለን “ሌላ ሥራልኝ” የምንለው ዋጋውን ዳግም ልንከፍል ነው።