ባለ ማኅተም ሐሰት

በስልካችን የሚደርሰንን የጤና ወሬ እንዴት እንመዝነው ሲባል የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የተናገረው ሐኪም ነው ወይ? ከሆስፒታል ነው ወይስ ከመንደር የወጣው? በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል? ምክሩ ክፉ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል የሚለውን የቲክቶክ ቪዲዮ ሁሉ በዚህ ወንፊት ማስቀረት ይቻላል። ችግሩ፣ በዘመናችን ከተሰራጩት የጤና ሐሰቶች ብዙ ጉዳት ካደረሱት አንዱ ወንፊቱን ሳይነካው ማለፉ ነው። ሐኪም ነበረው፤ ስመ ጥር ሆስፒታል ነበረው፤ የታተመውም ከ1823 ጀምሮ ሲወጣ በኖረ መጽሔት ላይ ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንያዘው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በፌብሩዋሪ 1998 በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አንድሩ ዌክፊልድ ከ12 ባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የሚተርከው የ12 ሕፃናትን ታሪክ ነው። ልጆቹ የአንጀት ሕመም አለባቸው፤ አብዛኞቹም እንደ እኩዮቻቸው ሲያድጉ ቆይተው ድንገት ወደ ኋላ የተመለሱ፣ ኦቲዝም የታየባቸው ናቸው ይላል። ከ12ቱ በ8ቱ ላይ ለውጡ የታየው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት፣ ማለትም ኤምኤምአር፣ ከተሰጣቸው በኋላ እንደሆነ ወላጆቻቸው ወይም ሐኪማቸው ተናግረዋል። ክፍተቱም ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው ተባለ።

ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኝ ነበር። ደራሲዎቹ ራሳቸው በክትባቱና በሕመሙ መካከል ግንኙነት መኖሩን እንዳላረጋገጡ በግልጽ ጽፈዋል። ጽሑፉ ሊወጣ ሲል ግን ሆስፒታሉ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ነበርና ዌክፊልድ እዚያ መድረክ ላይ ወረቀቱ ያላለውን ተናገረ፤ ሦስቱ ክትባቶች ተነጣጥለው ቢሰጡ ይሻላል አለ። ጋዜጦቹ የያዙት የመድረኩን ንግግር ነው። ዛሬም በቴሌግራም የሚደርሰን አብዛኛው “ጥናት አረጋገጠ” እንዲህ ያለ ነው፤ ጥናቱ አንድ ነገር ይላል፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ሌላ ይላል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ሁለተኛው ነው። ይህን ለመለየት የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም፤ ወደ ዋናው ጽሑፍ ሄዶ ማጠቃለያውን ማንበብ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አሥራ ሁለት ልጆች ጥቂት መሆናቸውን ማንም ያያል። ከባዱ ጥያቄ ግን ልጆቹ እንዴት እዚያ ተሰበሰቡ የሚለው ነው። በሆስፒታሉ በር በተራ የገቡ የሰፈሩ ልጆች አልነበሩም። ብዙዎቹ ክትባቱን በሚቃወሙ ዘመቻ አድራጊዎችና የመድኃኒት ኩባንያዎችን ለመክሰስ በሚዘጋጅ ጠበቃ በኩል የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከአሜሪካ ነው የመጣው። እንግዲህ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ልጄን የጎዳው ክትባቱ ነው ብለው አስቀድመው ያመኑ ወላጆች ተመርጠው ይመጣሉ። ምን ጎዳው ተብለው ይጠየቃሉ። ክትባቱ ነው ይላሉ። ከዚያ ይህ መልስ የምርምር ግኝት ሆኖ ይታተማል። የገባው ነው የወጣው። ጽሑፉ ልጆቹ በዚህ መንገድ እንደተመረጡ ለአንባቢው አልነገረም፤ ስለዚህ በ1998 ይህን ማወቅ የሚችል ተራ አንባቢ አልነበረም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። በዩቲዩብ ዳነን እያሉ የሚመሰክሩ አሥር ሰዎች ስናይም ያው ጥያቄ ይነሣል። ያልዳኑት የት ናቸው? ማንስ ነው አሥሩን የመረጣቸው?

ሌላም አለ። በብሪታንያ ክትባቱ የሚሰጠው ሕፃኑ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የኦቲዝም ምልክት በወላጆች ዓይን ጎልቶ የሚታየውም ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው። በየዓመቱ ብዙ መቶ ሺህ ሕፃናት በዚያ ዕድሜ ሲከተቡ፣ ምንም ጉዳት ባይኖር እንኳ፣ ከመካከላቸው በተከተቡ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ምልክት የሚታይባቸው መኖራቸው አይቀርም። እናትየው አልዋሸችም፤ ያየችው ቅደም ተከተል እውነት ነው። እሷ ከቤቷ ሆና ልታየው የማትችለው ግን ያልተከተቡት ልጆች ምን ሆኑ የሚለውን ነው።

ይህን ያዩት ዴንማርኮች ናቸው። በዴንማርክ ማንኛውም ነዋሪ ሲወለድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ክትባቱም ሕመሙም በዚያ ቁጥር ይመዘገባል። በ2002 የወጣው ጥናታቸው 537,303 ሕፃናትን የተከተቡና ያልተከተቡ ብሎ አወዳደረ። በተከተቡት ላይ ኦቲዝም አልበዛም። በ2019 ደግሞ ሌሎች 657,461 ልጆችን ይዘው ተመለሱ። ወንድማቸው ወይም እህታቸው ኦቲዝም ያለበትን፣ ማለትም ለሕመሙ ይበልጥ ይጋለጣሉ ተብለው የሚታሰቡትንም ለይተው አዩ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ጃፓን ሳታስበው ሌላ ፈተና ሰጥታለች። ጥምር ክትባቱን በ1993 በሌላ ምክንያት አቋርጣ ነበር። ዮኮሃማ ውስጥ የተደረገ ጥናት ክትባቱ ከቆመ በኋላም ኦቲዝም ያለባቸው ተብለው የሚመዘገቡ ልጆች ቁጥር መጨመሩን እንደቀጠለ አሳየ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። የተለያዩ አገሮች፣ የማይተዋወቁ ተመራማሪዎች፣ የተለያየ መንገድ፣ አንድ መልስ።

ከጥናቱ ጀርባ የነበረውን ገንዘብ ይፋ ያወጣው ጋዜጠኛ ነው። ብራያን ዲር በ2004 በሰንዴይ ታይምስ እንዳጋለጠው፣ ዌክፊልድ ጽሑፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ በዚያው ጠበቃ ተቀጥሮ ነበር። ክፍያው በሰዓት 150 ፓውንድ ሲሆን ድምሩ ወጪውን ሳይጨምር 435,643 ፓውንድ መድረሱ በኋላ ታወቀ። ገንዘቡ የመጣው መንግሥት አቅም ለሌላቸው ተከሳሾችና ከሳሾች ከመደበው የሕግ ድጋፍ ነው። ሦስቱ ክትባቶች ይነጣጠሉ ያለው ሰው ለብቻው የሚሰጥ የኩፍኝ ክትባት የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ በ1997 ማመልከቻ አስገብቶ እንደነበረም ተገለጠ። ዲር የልጆቹን የሕክምና መዝገብ ከታተመው ጋር ሲያስተያይ ታሪኩ ሳይዛባ የቀረበ አንድም ልጅ አላገኘም። አንዳንዶቹ ከክትባቱ በፊትም የዕድገት ችግር የታየባቸው ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ጨርሶ ኦቲዝም አልነበረባቸውም።

ከ12ቱ ባልደረቦቹ 10ሩ በ2004 ትርጓሜውን ካዱ። ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በፌብሩዋሪ 2010 ነው፤ 12 ዓመት! በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የብሪታንያ ሐኪሞችን የሚመዘግበው ምክር ቤት ዌክፊልድን ከመዝገቡ ፋቀው። ከተዘረዘሩበት ጥፋቶች አንዱ በልጁ የልደት በዓል ላይ የተጋበዙትን ሕፃናት አምስት አምስት ፓውንድ እየሰጠ ደም መቅዳቱ ነው። በ2011 ደግሞ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሥራውን ማጭበርበር ሲል ጠራው።

እስከዚያ ድረስ ግን የሆነው ሆኗል። በእንግሊዝ 92 በመቶ ደርሶ የነበረው የክትባት ሽፋን በ2003 እና በ2004 ወደ 80 በመቶ ወረደ። ኩፍኝ እንዳይዛመት የሚያስፈልገው 95 በመቶ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ትንሹ ልጃቸው ተከትቦ እንደሆነ ሲጠየቁ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለው አለመመለሳቸውም ወሬውን አጋግሎታል። መብታቸው ነበር፤ ብልሃት ግን አልነበረበትም። በእንግሊዝና በዌልስ በ1998 ከ60 በታች የነበረው የተረጋገጠ የኩፍኝ ሕመምተኛ ቁጥር በ2008 ከ1,300 አለፈ። በዌልስ በሱዋንሲ አካባቢ በ2012 መጨረሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ በ2013 አንድ ወጣት ሞተ።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሠፈር የሚቀርበው በአሜሪካዋ ሚኒሶታ በኩል ነው። ሚኒያፖሊስ፣ በተለይ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ትውልደ ሶማሊያውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎን ለጎን የሚኖሩበት ቦታ ነው። በ2008 ገደማ የሶማሌ ወላጆች በልዩ ትምህርት ክፍሎች የልጆቻቸው ቁጥር እንደበዛ አስተዋሉ። ለምን ብለው ጠየቁ። ከጤና ባለሥልጣናት የሚያጠግብ መልስ አላገኙም። ክፍተቱን ያዩት የክትባት ተቃዋሚዎች ግን መልስ ይዘው መጡ፤ ዌክፊልድ ራሱ ከሐኪምነት መዝገብ በተፋቀ በወራት ውስጥ እዚያው ሄዶ ወላጆቹን አነጋገረ። በ2004 እዚያው ከተወለዱ የሁለት ዓመት የሶማሌ ሕፃናት 92 በመቶው ተከትበው ነበር። በ2014 ተከትበው የተገኙት 42 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2017 ኩፍኝ ገባ። 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። የሞተ አልነበረም፤ ሆስፒታል የተኛው ግን ብዙ ነው።

ልብ በሉ፤ ወረርሽኙ ሚኒሶታ ሲገባ ጽሑፉ ከተሰረዘ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በላንሴት ድረ ገጽ ላይ ዛሬ ጽሑፉን የከፈተ ሰው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ተሰርዟል የሚል ትልቅ ቀይ ቃል ተጋድሞ ያያል። በስክሪንሾት የሚዞረው ግን የ1998ቱ ንጹሕ ገጽ ነው፤ ወይም ገጹን የጠቀሰ ሰው፣ ያንን ሰው የጠቀሰ ሌላ ሰው። ወሬው ይጓዛል፣ ስረዛው አይከተለውም። ስለዚህ የጤና መረጃ ሲደርሰኝ ማን አለው ከሚለው ይልቅ መቼ ተባለ፣ ከዚያስ ወዲህ ምን ደረሰበት የሚለውን አስቀድማለሁ። የጽሑፉን ርዕስ መፈለጊያው ላይ አስገብቶ ከጎኑ “ተሰረዘ ወይ” ብሎ መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ መጠየቅ የሚቸግረው ሰው በየቤተሰቡ የሚጠይቅለት ወጣት አያጣም።

የተከበረ አድራሻ ብቻውን እንደማይበቃ በቅርቡም ታይቷል። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ክትባት ኦቲዝም አያመጣም የሚለውን የድረ ገጹን አቋም ለወጠ፤ አባባሉ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም የሚል ጻፈበት። ከሕክምና ማኅበራት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በዓመታት ያመንነው አድራሻ በፖለቲካ ንፋስ ሊዞር ይችላል። የዴንማርኮቹ መዝገብ ግን እዚያው አለ፤ ማንም አንብቦ ሊሟገትበት ይችላል።

በአማርኛ ተተርጉሞ የሚዞረው ማስፈራሪያ ደግሞ የራሱ ጉድለት አለው። ዌክፊልድ የተናገረው ስለ ሦስቱ ጥምር ክትባት ነው። በኢትዮጵያ ሕፃናት በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር ሲወስዱት የኖሩት ለኩፍኝ ብቻ የሚሰጠውን ነው። ያውም ዌክፊልድ ተነጥሎ ቢሰጥ ይሻላል ያለው ዓይነት! ወሬውን ከእንግሊዝኛ ገልብጦ ለጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘችን እናት የሚያስፈራራ ሰው ስለየትኛው ክትባት እንደሚናገር እንኳ አላጣራም። ሳይጣራ ወሬ ሳይገደል ጎፈሬ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በሚኒያፖሊስ የነበሩትን ወላጆች ሞኞች ማለት ይቀላል፤ እኔ አልልም። የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። በ2013 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ያደረገው ጥናት ኦቲዝም ከ32 የሶማሌ ልጆች በአንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆችም በአንዱ ላይ መታየቱን አገኘ፤ ይህን ያህል የሚለያይ አይደለም። ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው የሶማሌ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም ደርቦ ይታይባቸው ነበር። ለምን እንዲያ እንደሆነ ጥናቱ ሊመልስ አልቻለም። ወላጆቹ ስለ ክትባት ሲከራከሩ ያሳለፉት ዘመን ይህ ጥያቄ ሊጠየቅበት ይገባ የነበረ ዘመን ነው።