ስለ ልክና ስለ ጥርጥር ወሰን

ሰው አንድን ነገር ለክቶ ቁጥሩን ሲናገር የተናገረው ስለ ነገሩ ባሕርይ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚያው ቁጥር ውስጥ ስለ ዓይኑ፣ ስለ እጁ፣ ስለ መሣሪያውና በዙሪያው ስላለው አየር ጠባይ ሳያውቀው መስክሯል። ስለዚህ የፊዚክስ ሊቃውንት በልኬታቸው ጎን የሚያኖሩት የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት የድካም ኑዛዜ ሳይሆን፣ የምስክርነቱ ቃል እኩሌታ ነው፤ የጥርጥር ወሰን ያልተነገረለት ቁጥር፣ አሐዞቹ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ ሊታመንም ሊካድም አይችልም።

ይህ ሐሳብ በሊቃውንት ዘንድ ከመደላደሉ በፊት ምን ያህል ሥቃይ እንዳስከፈለ የፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ የፒየር ሜሼን ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1791 ሜትር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ይሁን ተብሎ በተወሰነ ጊዜ፣ ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር እንዲለኩ የሥራ ባልደረባው ደላምብር ወደ ሰሜኑ፣ ሜሼን ወደ ደቡቡ ተላኩ። ሜሼን በባርሴሎና በሚገኘው በሞንዡይክ ምሽግ ሆኖ ከዋክብትን እየተመለከተ የቦታውን ኬክሮስ ለካ፤ ኋላም በፈረንሳይና በስፔን መካከል ጦርነት ተነሥቶ ምሽጉ ቢዘጋበት፣ በከተማይቱ ውስጥ ባረፈበት የእንግዳ ቤት ልኬቱን ደገመ። መሣሪያው የቦርዳ ክበብ የሚባለው ነበረ፤ ይህም አንዱን ማዕዘን በክብ ሰሌዳው ላይ ደጋግሞ እያጠራቀመ፣ በመጨረሻ የተነበበውን ድምር በድግግሞሹ ብዛት በማካፈል የዓይንን ስሕተት እጅግ የሚያሳንስ ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም በመካከላቸው ያለው ርቀት ታስቦ እንኳ የሁለቱ ቦታዎች ውጤት በ3 ሴኮንድ ማዕዘን ያህል ተለያየ፤ ይህ በምድር ላይ 100 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሜሼን ልዩነቱን እንደ ኀጢአት ቈጥሮ ሸሸገው፤ እስከ ሞተበት እስከ 1804ም በኅሊናው ሲሠቃይ ኖረ። ደላምብር ምስጢሩን ያገኘው የሟቹን ወረቀቶች ሲመረምር ነው። እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን የሒሳብ ሊቁ ሌዣንድር እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ልኬቶችን አስታርቆ ከመካከላቸው የተሻለውን ዋጋ የማውጣትን ስልት ያሳተመው ሜሼን ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1805፣ መሆኑ ነው።

ሜሼን ትጋት አልጎደለውም፤ የጎደለው፣ ንባቦች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውና ከእውነት ጋር መስማማታቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያስረዳ ትምህርት ነበረ። ይህን ልዩነት በአንድ ሜትር ክር ላይ የብረት ድብልብል አንጠልጥሎ፣ ወዳቂ አካል በየሴኮንዱ የሚጨምረውን ፍጥነት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ተማሪም ያገኘዋል። መጽሐፉ 9.81 ይላል፤ እርሱ 9.76 ቢያገኝ አፍሮ ቁጥሩን ወደ መጽሐፉ ሊያስጠጋ ይፈተናል። ነገር ግን 9.81 በ45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚገኘው ዋጋ ነው፤ ለምድር ወገብ በቀረበችውና ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን ወደ 9.77 ዝቅ ይላል። ከዚህም በላይ፣ ሰዓቱን ሲያስነሣና ሲያቆም እጁ በ0.2 ሴኮንድ ቢስት፣ 20 ውዝዋዜ በሚፈጀው 40 ሴኮንድ ላይ ጥርጥሩ ከ200 አንድ ይሆናል፤ በስሌቱም ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ በውጤቱ ላይ ከ100 አንድ፣ ማለትም 0.1 ያህል ይደርሳል። እንግዲያስ ውጤቱ ከ9.77ም ከ9.81ም ጋር አይጣላም፤ ልዩነታቸውን ለመዳኘትም ሥልጣን የለውም። 100 ውዝዋዜ ቢቆጥር ግን ከሰዓቱ የሚመጣው ጥርጥር ወደ 0.02 ስለሚወርድ፣ የሀገሩን ስበት ከመጽሐፉ ስበት መለየት ይጀምራል።

ነገር ግን ክሩን እስከ ድብልብሉ መሐል በመለካት ፈንታ ክሩ እስከ ታሰረበት ጫፍ ብቻ ለክቶ 1 ሴንቲሜትር ቢያጎድል፣ ሺህ ጊዜ ቢደጋግመውም ሺሁ ሁሉ ተስማምተው በ0.1 ያህል ዝቅ ያለውን ሐሰት ይመሰክራሉ። ይህን የመሰለውን ስሕተት ድግግሞሽ አይገልጠውም፤ የሚገልጠው በሌላ መንገድ፣ በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ሰው እጅ የሚደረግ ልኬት ነው፤ ሜሼንም የሸሸገው ይህንኑ የመሰለ ስጦታ ነበረ።

ጥርጥር በአዋጅ እንደማይሻርም የኪሎግራም ታሪክ ያስረዳል። ከ1889 ጀምሮ በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የተቀመጠ ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም የተሠራ ሲሊንደር ኪሎግራም ተብሎ ተሾመ፤ ሕጉ እርሱን መለኪያ ስላደረገው፣ መጠነ ቁሱ ያለ አንዳች ጥርጥር 1 ኪሎግራም ነበረ። በመቶ ዓመት ውስጥ ግን ቅጂዎቹ ከእርሱ እስከ 50 ማይክሮግራም ያህል ተለያዩ፤ ዋናው ቀለለ እንዳይባል ሕጉ ይከለክላል፤ ቅጂዎቹ ሁሉ ከበዱ ማለትንም አእምሮ እሺ አይልም። በግንቦት 2019 አዲሱ ድንጋጌ የፕላንክን ቋሚ ቁጥር ያለ ጥርጥር የጸና አድርጎ ኪሎግራምን በእርሱ ላይ መሠረተ፤ ጥርጥሩም ከዓለም አልጠፋም፣ ይህንኑ ድንጋጌ በተግባር ወደሚያውሉት ሚዛኖች ተዛወረ እንጂ። ለ130 ዓመት ወሰን አልባ ሆኖ የኖረው ሲሊንደርም በዚያው ቀን እንደ ማናቸውም ብረት የሚመዘን ሆነ፤ መጠነ ቁሱም 1 ኪሎግራም፣ የጥርጥር ወሰኑ 10 ማይክሮግራም ተብሎ ተጻፈ።